ልዩ ስሙ፦ የአዲስ ሰፈር ፕላንና ስያሜ የሚያስነሣው የፍትሕ ጥያቄ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሬትን የሚመለከት ውል ሲጻፍ፣ የወሰን ክርክር በዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ ወይም ወንድማማቾች የአባታቸውን ማሳ በሽማግሌ ሲካፈሉ አንድ የአጻጻፍ ልማድ አይቀርም። ማሳው የሚገኝበት ወረዳና ቀበሌ ከተመለከተ በኋላ «ልዩ ስሙ» ተብሎ የቦታው መጠሪያ ይሰፍራል፤ ቀጥሎም በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሌ እየተባለ አዋሳኞቹ በየስማቸው ይጠራሉ። አጻጻፉ የጸሐፍት ልማድ ብቻ ሊመስል ይችላል። በውስጡ ግን አንድ ሙሉ አስተሳሰብ አለ። መሬት በልኬት ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ መሬት የሚታወቀው በስሙና በዙሪያው በሚኖሩ ሰዎች ምስክርነት ነው የሚል አስተሳሰብ።

ከተማ ወሰኑን አስፍቶ ያንን ማሳ በጠቀለለ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ቀያሹ ችካሉን ይቸክላል፤ ነዳፊው መስመሩን ያሰምራል፤ ልዩ ስሙ ከመዝገብ ወጥቶ በምትኩ የብሎክና የቦታ ቁጥር ይገባል። አዋሳኞቹም ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ ባለ 10 እና ባለ 15 ሜትር መንገዶች ይሆናሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ተደርድረው ሲታዩ «ይህ ሰፈር ማን ይባላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ስም የሚያስፈልግ መሆኑ የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው፤ ስም የነበረ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል አበው። ለሰፈር ስም የሚያወጣ መልአክ የለም፤ የሚያወጣው ሰው ነው። በመሆኑም ጥያቄው የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። አዲስ ሰፈር ሲታቀድ ስም የማውጣት መብት የማን ነው? ስሙስ የማን ዕዳ አለበት?

ለጥያቄው መልስ ከመፈለግ በፊት የአገሩ የቦታ ስሞች እንዴት እንደተገኙ መመልከት ይጠቅማል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ ለመንገደኛ ጋቢህን አጥብቀህ ተከናነብ የሚል ምክር ያህል ነው። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ተሰባስቦ የሚገበያይበትን ቀን ትናገራለች። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ክምር ድንጋይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበትን ነገር ትጠራለች። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሕዝቡን እምነት ትመሰክራለች። አንዷ የአየሩን ጠባይ፣ ሁለተኛዋ የኑሮውን ሥርዓት፣ ሦስተኛዋ የመሬቱን መልክ፣ አራተኛዋ የነዋሪውን ኅሊና ይዛለች። እነዚህ ስሞች ስም ከመሆናቸው በፊት ዕውቀት ነበሩ። አንድ ሰው ተቀምጦ አልፈጠራቸውም፤ በሥራና በምልልስ ብዛት ከሕዝብ አፍ የወጡ ናቸው።

ከከተማ ስም ወደ ማሳ ስም ሲወረድ ዕውቀቱ ይበልጥ ይረቃል። የምንጩ አፋፍ፣ የዋርካው ሥር፣ የውኃ መቆሚያው፣ የቀይ አፈሩ ጥግ የሚሉት ዓይነት መጠሪያዎች ለገበሬው የአፈርና የውኃ መዝገቦች ናቸው። ውኃ የሚያቁር መሆኑ በስሙ የተነገረለትን መስክ ነዳፊው የቤት መሥሪያ አድርጎ ሲመድበው የድሀው ቤት በክረምት ጎርፍ ይገባበታል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የዝናቡ ይባላል። መሬቱ ግን ጠባዩን አልደበቀም፤ በስሙ ሲናገር የሰማው አልነበረም እንጂ። እንግዲህ ልዩ ስሙን ከመዝገብ መፋቅ በትዝታ ላይ ብቻ የሚደርስ ጉዳት አይደለም፤ ለብዙ ትውልድ የተጠራቀመ ልምድንም መጣል ነው።

ይህ ማለት ቁጥር ክፉ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ቁጥር በኢትዮጵያ የከተማ ታሪክ ውስጥ የፍትሕ መልክ ይዞ የመጣበት ጊዜ ነበረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ በየተመሩበት ጉብታ ሠራዊታቸውን ይዘው ሰፈሩ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የጦር ማረፊያነትን ትርጉም የያዘ ነው። ስለዚህም ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች ተተከሉ። ውኃ የቀዳችው፣ እህል የፈጨችው፣ እንጨት የተሸከመውና አጥር ያጠረው ግን በስም አልተጠሩም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ነዋሪው በቀበሌ ሲደራጅ፣ ቀበሌዎቹ በቁጥር ተጠሩ። ቁጥር ለጌታ አይሰግድም፤ 01 ከ02 በትውልድ አይበልጥም። በዚህ ረገድ ቁጥሩ አንድ የቆየ መበላለጥን ሰርዟል።

ሆኖም ሕዝቡ ደጃች ውቤ ሰፈር ማለቱን አልተወም። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ቁጥር ቦታው በመዝገብ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል እንጂ በቦታው ምን እንደተደረገ አይናገርም። ሰው ደግሞ በመዝገብ ውስጥ አይኖርም። ተወልዶ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆና ቀብሮ የኖረበትን ስፍራ ስንተኛነት ብቻውን አይገልጸውም። የመኳንንቱን ስም የወረሱት ነዋሪዎች ከጊዜ በኋላ ስሙን የራሳቸው አድርገውታል። ዛሬ ስሙን የሚጠራው ሰው የሚያስበው ጎረቤቱን ነው፤ ደጃዝማቹን የሚያስበው ጥቂት ነው።

የቁጥር ስያሜ ወሰኑ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ከከተማ ወጥቶ አዲስ መንደር በአንድ ጊዜ ሲመሠረት ነው። ለጋይንትና ለስማዳ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ድርቅና የአፈር መሟጠጥ ሰውን ከቀዬው የሚያስነሡበት አገር ነውና። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረሀብ ሳቢያ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሠፈራ ከቦታ ወደ ቦታ ተዛወረ። ከሠፈራ ጣቢያዎቹ አንዱ በመተከል የበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ነበረ። በዚያ የተሠሩት መንደሮች መንደር 7፣ መንደር 14 እየተባሉ በቁጥር ተሰየሙ። ሠፋሪው የቤቶቹን መስመር እንጂ የኮረብታውን ስም አላወቀም፤ የሚነግረውም አልነበረም። መሬቱ ግን ስም አጥቶ የኖረ አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት አገር ነበረ። እርሻውን ለተወሰኑ ዓመታት አሳድሮ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሕዝብ ያሳደረው መሬት ለቀያሽ ዓይን ባዶ መስሎ ታየ። ባዶ ለተባለ መሬት ደግሞ ቁጥር ይበቃዋል።

የዚህ ድርጊት ጉዳት በሁለት ወገን ነው። ነባሩ ሕዝብ መሬቱን ብቻ ሳይሆን የመሬቱ ባለቤት መሆኑ የሚመሰከርበትን ቃል ተነጠቀ። ከረሀብ አምልጦ የመጣው ሠፋሪም ከእርሱ በፊት ማን እንደነበረ ሳይነገረው በሰው አገር ተቀመጠ። ሁለቱም ድሆች ናቸው፤ ሁለቱንም ያላያየው «ባዶ» የሚለው ቃል ነው። ሰዎች የጎረቤታቸውን ኮረብታ ስም እየጠሩ ቢጀምሩ ኖሮ ጠብ ባልተነሣ ነበር ብሎ መናገር የዋህነት ይሆናል። ነገር ግን ስም የሌለው ጎረቤትን መግፋት ስም ካለው ጎረቤት ይልቅ የሚቀል መሆኑን የትኛውም ዘመን አላስተባበለም።

እንግዲህ ነባሩን ስም መጠበቅ ብቻውን ለጥያቄው መልስ ይሆናልን? አይሆንም። ማስረጃውም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ይገኛል። በቅርብ ዓመታት በከተማዋ ዳር የተሠሩት ሰፋፊ የመኖሪያ መንደሮች ብዙዎቹ የኦሮሞ ገበሬዎች ያወጧቸውን ስሞች እንደያዙ ናቸው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ጉራ። ገላን የቱለማ ኦሮሞ የጎሳ ስም ነው። በነዚህ ሰፈሮች ስሙ ቀረ፤ በስሙ ይጠራ ከነበረው ማሳ ላይ ግን ገበሬው ተነሣ። ስም በአውቶቡስ ግንባር ላይ ተጽፎ ባለ ስሙ የቀን ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ሆኖ በዚያው ሰፈር ሲገኝ፣ ስሙ መታሰቢያ ይሁን መሳለቂያ ለመለየት ይቸግራል። ስለዚህ ስም ፍትሕን አይተካም። ካሳው ሳይከፈል፣ መተዳደሪያው ሳይታሰብ ነባሩን ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ በቁስል ላይ አበባ ማስቀመጥ ነው።

በሌላ በኩል ከሩቅ የመጣ ስም ሁሉ ባዕድ ሆኖ አይቀርም። ካዛንቺስ የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያ በፋሺስት ወረራ ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ተቋም ስም የተገኘ ነው። በወራሪ የተጀመረውን ይህን ስም ሻይ ያፈላች፣ ጠጅ የጣለች፣ ልብስ የሰፋና ልጅ ያሳደገ ሕዝብ ኢትዮጵያዊ አደረገው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙዎቹ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር ሰፈሮች ሲዛወሩ ስሙ በመሬቱ ላይ ቀረ፤ ስሙን የሠሩት ሰዎች ሄዱ። ስም የሚኖረው በአፈሩ ላይ ነው ወይስ በሰዎቹ መካከል? መልሱ በሁለቱ ግንኙነት ውስጥ ነው። ሰዎቹ ከሌሉ ስሙ ቅርፊት ነው፤ ቦታው ከሌለም ስሙ ናፍቆት ብቻ ይሆናል።

ከጋይንት ምድር ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ቤተ ልሔም ናት። ስሟ ከይሁዳ አገር የተወሰደ ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት «የቤተ ልሔም ዜማ» ሲባል የሚታሰበው የይሁዳው መንደር አይደለም። የሚታሰበው በጋይንት ደጋ ድጓ የሚመሰከርበት ጉባኤ ነው። ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ሌሊት ተነሥቶ ዓመታት የቆየው ተማሪና ያስተማረው መምህር የተዋሱትን ስም በሥራቸው ገዝተውታል። ስም ከየትም ይምጣ፣ የአገር የሚሆነው ሥራ ሲሞላው ነው።

የዚህ ተቃራኒም በዚያው አገር ላይ አልፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀረጹት ታላቅ መድፍ በክሪሚያ ባለው የጦር ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ በጋይንትና በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ በዚያው ዓመት መጋቢት መቅደላ ደረሰ። ዐለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ መንገዱ የተሠራው በብዙ ሺህ ሰዎች ትከሻ ነው። የመድፉ ስም በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። በጠፍር የጎተቱት፣ መንገዱን የጠረጉት፣ እህላቸው የተወሰደባቸው ገበሬዎች ስም ግን አይነገርም። ስያሜ በተደረገ ቁጥር የሚጠራ እንዳለ ሁሉ ሳይጠራ የሚቀርም እንዳለ ይህ ታሪክ ያሳያል። የስያሜ ሥነ ምግባር መነሻም የቀረውን መጠየቅ ነው።

አንዳንዶች ነገሩን ለሕዝብ አፍ መተው ይበቃል ይላሉ። ባለሥልጣን ያወጣው ስም አይጸናም፤ ሕዝብ ያወጣው ግን ይጸናል ባይ ናቸው። መስቀል አደባባይ ከአብዮቱ በኋላ አብዮት አደባባይ ተብሎ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ቀድሞ ስሙ መመለሱን ይጠቅሳሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ ግን ምሉዕ አይደለም። የሕዝብ አፍም ይጨክናል። የአዲስ አበባው እሪ በከንቱ ጮኾ የሚደርስለት ያጣ ሰው መከራ በቀልድ መልክ የተቀመጠበት ስም ነው። በየከተማው የሸማኔውን፣ የቀጥቃጩንና የሸክላ ሠሪዋን መኖሪያ በንቀት የለየ መጠሪያም ከሕዝብ አፍ እንጂ ከመዝገብ ቤት አልወጣም። ልማድ ዕድሜ ስላለው ብቻ ፍትሐዊ አይሆንም። በመሆኑም ስያሜ በአዋጅ ብቻም ሆነ በዘፈቀደ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ሕዝብ በንቃት ተመካክሮ የሚሠራው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ቀላል የማይባል ተቃውሞ ይነሣል። ውኃ በሌለው፣ መብራት ባልደረሰው፣ ወጣቱ ቦታ ምሪት እየጠበቀ በሚያረጅበት ከተማ ስለ ስም መጨነቅ የጠገበ ሰው ጨዋታ አይደለምን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የአገሩ የራሱ ኑሮ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ሲሠራበት፣ ስሙ ከተረጂዎች መዝገብ የወጣ ሰው እህሉንም እንደሚያጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ያውቀው ነበር። በስም መጠራት መቆጠር ነው፤ መቆጠርም ድርሻ ማግኘት ነው። መሬቱ ያለ ስም የተወሰደበት ሰው ራሱም ያለ ስም የሚቀርበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ላይ ወሰን አለበት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 እንዲባዛ አዘዘ። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ይህ ለገበሬው የተሻለ ነው። ባሕር ዛፉ ይቆጠራል፤ ቤቱ ይገመታል፤ ሰብሉ ይሰላል። ለልዩ ስሙ ግን የሚያባዛ ቁጥር የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ዋጋ የማይወጣለት ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዋጋ ቢስ ስለሆነ፣ ሌላው ከዋጋ በላይ ስለሆነ። መሥሪያ ቤት ሁለቱን እንዳያምታታ የሚጠብቀው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛው ኅሊና ነው።

ይህ ኅሊና በሥራ ሲተረጎም ከባድ አይደለም። ችካል ከመቸከሉ በፊት ቀያሹ ከማሳው ባለቤቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር መሬቱን በእግሩ ይዙር፤ ወደ ምንጩና ወደ ወፍጮው የሚመላለሱትን ሴቶችም ይጠይቅ። የእያንዳንዱን ማሳ፣ ጅረትና ዋርካ ስም ከነምክንያቱ ይመዝግብ፤ መዝገቡም ከፕላኑ ጋር አብሮ ይቀመጥ። የብሎክ ቁጥሩ ለሥራ መለያነት ይቆይ፤ ነገር ግን በስም ወንበር ላይ አይቀመጥ። በአገሩ ሥርዓት ሕፃን የክርስትና ስም የሚያገኘው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው፤ ከመወለዱ በፊት ስም የሚያወጣለት የለም። ሰፈርም ሰዎች ገብተው፣ ዕድር አቋቁመውና የመጀመሪያ ሐዘናቸውን አብረው ተቀምጠው ሳለ ቢሰየም ይሻላል። በዚያ ጉባኤ ላይ አዲሱ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን የተነሣው ገበሬም መቀመጫ ይኑረው፤ የሰፈሩ ስም አዲስ ቢሆን እንኳ ጎዳናው፣ ድልድዩ ወይም ትምህርት ቤቱ የማሳውን ልዩ ስም ይያዝ።

ከዚህ ሥራ ውስጥ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ድርሻ አላቸው። የማሳ ስሞችን ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ተማሪዎችን ማሰማራት በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ ቅዳሜ ነው። የተሰበሰበውን ስም ሠዓሊው በካርታ፣ ደራሲው በታሪክ፣ ዘፋኙ በዜማ ሊያኖረው ይችላል። ይህ ሥራ ቶሎ ይሻል፤ ምክንያቱም ስሞቹን የሚያውቁት አዛውንት ናቸውና። ከተማ በአሥር ዓመት ይሰፋል፤ የማሳ ስም ግን በአንድ ቀብር ሊጠፋ ይችላል።

መነሻው ጥያቄ ስም የማውጣት መብት የማን ነው የሚል ነበር። ከላይ የታዩት ሁሉ የሚያመለክቱት ስያሜ ከመብት ይልቅ ዕዳ መሆኑን ነው። አዲስ ሰፈር የሚያቅድ ወገን የሰው ማሳ ተረክቧል፤ የተረከበውን በገንዘብ መክፈል ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕዳ ማሳው የማን እንደነበረና ምን ይባል እንደነበረ መመስከር ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ምስክርነቱን የነፈገ ግማሽ ዕዳ ይዞ ይኖራል፤ ምስክርነቱን ሰጥቶ ገንዘቡን የነፈገ ደግሞ ውሸታም ነው። የተነሣው ገበሬ አንድ ቀን በዚያ ሰፈር ሲያልፍ አንገቱን ሳይደፋ፣ ለልጁም «እዚህ እናርስ ነበር» ብሎ ሊያሳየው ከቻለ፣ ሰፈሩ በትክክል ተሰይሟል ማለት ይቻላል።